የኖባ ብድር

ክረምት ሲገባ ከስማዳ አፋፍ ቆሞ ወደ አባይ ሸለቆ ቁልቁል ያየ ሰው ውሃ አያይም። ሲያርሰው የኖረው መሬት ተነሥቶ ሲሄድ ያያል። ከጉና ትከሻ የተላጠው፣ ከእስቴ ማሳ የተጠረገው፣ ከጋይንት ገደል በበሽሎ በኩል የወረደው አፈር ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ተገናኝቶ ጎጃምን ይዞራል፤ ዞሮ ቆላውን ይሰነጥቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያገሬ ሰው በዓይኑ አይከተለውም። በእንጉርጉሮ ይሸኘዋል እንጂ።

አባይ ሆይ፣ የአባቴን አፈር የት አደረስከው?

ይህ ጥያቄ መልስ ያለው አይመስለኝም ነበር። እንዳለው ያወቅሁት በሱዳን ምድር የተደረጉትን ቁፋሮዎች የሚተርኩ መጻሕፍትን ሳነብ ነው። ከካርቱም ወደ ደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ እዚያው አባይ ዳር፣ በምሥራቁ በኩል፣ ጉብ ጉብ ያለ የጡብ ፍርስራሽ አለ። ሶባ ትባላለች። የአልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ከሦስቱ ክርስቲያን የኖባ መንግሥታት ወደ ደቡብ የቀረበችው፣ ከእኛም ጋር አንድ ወንዝ የምትጠጣው እርሷ ነበረች። ታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናቷ በእሳት በተተኮሰ ቀይ ጡብ ተሠርተዋል፤ ሌላው ቤት ፀሐይ ባደረቀው ጭቃ። ጭቃው የወንዙ ነው። ያ ወንዝ በየክረምቱ የሚያመጣው ደለል ደግሞ የእኛ ደጋ ነው። ያገሬን ማሳ ወስዶ ለሰው አገር ቤተ መቅደስ ሰጠው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በአባይ ላይ የነበረኝ ቂም ለዘበ፤ በምትኩ ሌላ ሐዘን ገባብኝ።

አፈሬን ወስዶ አባይ ሶባ ላይ ቢያወርደው፣
ጡብ ሆኖ ቆመ አሉ፤ ሰው መልሶ ናደው።

ሶባ ሆይ፣ ደጉ ዘመንሽን ያየ ሰው ጽፎልሻል። በ10ኛው መቶ ዓመት ከግብፅ ወደ ኖባ የተላከው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ያማሩ ሕንፃዎችሽን፣ ሰፋፊ ቤቶችሽን፣ ወርቅ የሞላባቸውን አብያተ ክርስቲያናትሽን፣ የአትክልት ቦታዎችሽንም አንሥቷል። ለእስላሞች የተለየ ሰፈር ነበረሽ፤ ነጋዴው ያድርበታል። መጻሕፍትሽ በጽርዕ ተጽፈው ሕዝብሽ ወደ ልሳኑ ይመልሳቸው ነበር። ንጉሥሽ ከሰሜኑ ከመቁሪያ ንጉሥ ይልቅ ባለጠጋ፣ ሠራዊቱም የበዛ ነበር። ይህን ሳነብ የማላውቃት እኅት ሠርግ የተነገረኝ ያህል ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ቀጣዩ ገጽ ይመጣል።

ዳዊት ሮቤኒ የተባለ አይሁዳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1523 ሲያልፍብሽ ፈርሰሽ አገኘሽ። ማን እንዳፈረሰሽ የሱዳን ሰዎች በተረት ይናገራሉ፤ አጁባ የምትባል ሴት ናት ይላሉ፤ ጥፋት ሲበዛ እስከ ዛሬ «ሶባን ያጠፋችው አጁባ» እያሉ ይመስሉባታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ካርቱም ስትቆረቆር ደግሞ ቀይ ጡብሽን እየነቀሉ በወንዙ አወረዱት፤ የአዲሲቱ ከተማ ግንብ ሆነ። የተረፈው እንግዲህ መሠረትሽ ነው።

መሠረትሽን ሊጠይቁ የመጡ አሉ። ፒተር ሺኒ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 ቆፈረ። ከ1981 እስከ 1992 ቻርልስ ዳንኤልስ፣ ከእርሱም በኋላ ዴሪክ ዌልስቢ አፈርሽን በብሩሽ እየጠረጉ፣ ንብር በንብር እየገለጡ፣ ከአንድ ጉብታ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት አገኙ። ሁለቱ የቀይ ጡብ፣ ታላላቅ፤ ሦስተኛው አነስ ያለ። ከአጠገባቸው ቤተ መንግሥት ሳይሆን አይቀርም የተባለ ሰፊ ሕንፃ ወጣ። የቀለም ጌጥ ያላቸው የሸክላ ዕቃዎች ወጡ፤ ከቻይና ድረስ የመጣ የሸክላ ስባሪ ወጣ፤ መቃብር ወጣ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፖላንዳውያን ገብተው ከመሬት በታች ያለውን በመሣሪያ ሲያጠኑ፣ የካርቱም ሰፈር እየሰፋ ቤት በላይሽ ሲሠራ ደረሱ።

ቆፋሪዎቹን አመሰግናለሁ። የሰው አገር ሐዘን ተሸክሞ በዚያ ሐሩር ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ አቧራ መጥረግ ትልቅ ፍቅር ነው። ግድግዳውን ለክተው ነግረውናል፤ መንበሩ የቆመበትን፣ ካህኑ የሚገባበትን በር አሳይተውናል። የጠፋብኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ በር የገባው ካህን ምን ብሎ አዜመ? ሌሊቱ በምን ዜማ ነጋ? የትንሣኤ ለት ምን ተባለ? ጡብ ይቆፈራል፤ ዜማ አይቆፈርም። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የኖረው ነገር የመጨረሻው አፍ ሲዘጋ ከዚያው ጋር ተቀበረ፤ ለዚህ መቃብር የሚሆን አካፋ የለም።

አሁን ወደ ብድሩ ልምጣ፤ ያንጎራጎርኩትም ስለዚህ ነው።

በእኛና በኖባ መካከል የነበረው ነገር በደም ይጀምራል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ በድንጋይ ባስጻፈው ቃል፣ ኖቦች ቃል ኪዳን አፍርሰው ጎረቤቶቻቸውን ስለ ገደሉና መልእክተኞቹን ስለ ገፈፉ ዘመትኩባቸው ይላል። ተከዜን ተሻግሮ አባረራቸው። የጡብ ከተሞቻቸውንም የሣር ከተሞቻቸውንም አቃጠለ፤ እህላቸውንና ጥጣቸውን፣ የቤተ ጣዖታቸውንም ምስሎች ሴዳ ብሎ በጠራው ወንዝ ጣለ። አልዋን በስሟ ጠርቷታል። ድንጋዩ ዛሬም ይነበባል፤ ስናነበው እንኮራለን። እኔም ኮርቼበት አውቃለሁ። የተቃጠለው ጡብ ከየት አፈር እንደ ተሠራ ሳስብ ግን ኩራቱ ይደክማል።

ዘመን አለፈ። ኖባም በ6ኛው መቶ ዓመት ተጠመቀች። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ መከራው ወደ እኛ ዞረ፤ ዮዲት ጉዲት በምንላት ንግሥት አገር ተቃጠለ፤ በእስክንድርያ መንበርና በቤተ መንግሥታችን መካከል በተፈጠረ ቅያሜ አገሪቱ ብዙ ዓመት ያለ ጳጳስ ቀርታ ነበር። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ንጉሥ በጭንቅ ለማን ጻፈ? ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ። ከተሞቻችን ነደዱ፣ አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ፣ ካህናት አለቁብን፤ ፓትርያርኩን ለምንልን አለው። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ዜና መዋዕል ይህን መዝግቦታል። ጊዮርጊስ ያባቶቹን ቂም አላነሣም። ኢዛናን አልጠቀሰም፤ የተቃጠለውን ጡብ አልቆጠረም። ወደ ፓትርያርክ ፊላታዎስ ጻፈ፤ ፊላታዎስም ከአባ መቃርስ ገዳም ዳንኤል የሚባል መነኩሴ ጳጳስ አድርጎ ላከልን።

ልብ በሉ። ክህነት በዚህ ምድር ሊቋረጥ በተቃረበበት ሰዓት የለመነልን ኖባ ነው።

አምስት መቶ ዓመትም አለፈ። የፖርቱጋል መልእክተኞች ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአፄ ልብነ ድንግል አገር በቆዩበት ጊዜ፣ ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንድ ነገር አይቶ ጻፈ። ስድስት ሰዎች ከኖባ መጡ። መልእክተኞች ናቸው። ወርቅ አልጠየቁም፣ ጦር አልጠየቁም። ካህናትና መነኮሳት ስጡን፣ ያስተምሩን አሉ። ጳጳሳቸው ከሞተ ቆይቷል፤ በመንገዱ ጦርነት ምክንያት ሌላ ማምጣት አልቻሉም፤ ካህናቱ አንድ በአንድ አልቀዋል፤ ሕዝቡ ግን ክርስትናን እየናፈቀ ይኖራል። አገራቸውን ያየ ዮሐንስ የተባለ የሶርያ ሰው ለአልቫሬዝ እንደ ነገረው፣ 150 አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ገና ቆመው ነበር፤ በግድግዳቸው ላይ ስቅለትና የእመቤታችን ሥዕል ነበረ። ቤቱ አለ፣ ሥዕሉ አለ፤ የሚቀድስበት ሰው ብቻ ጠፋ።

ንጉሡ አልሰጣቸውም። እኔ ራሴ ጳጳስ የማገኘው ከእስክንድርያ ነው፤ ሌላ የሚሰጠኝን እኔ እንዴት እሰጣለሁ አላቸው ተባለ። ስድስቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በሥርዓት ከሄድን ንጉሡ እውነቱን ነው፤ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልነበረውም። ነገር ግን ካህናት ነበሩት። ግቢው በካህናት ተሞልቶ ነበር። አንድ መነኩሴ፣ አንድ መሪጌታ፣ ዳዊት የሚያስደግም አንድ ዲያቆን ከእነዚያ ጋር ቢሸኝ ምን ይጎድል ነበር? የጊዮርጊስን ደብዳቤ ያስታወሰ አንድ ሰው በዚያ አደባባይ ጠፋ? ስድስቱ ሰዎች የተመለሱበትን መንገድ ደጋግሜ አስባለሁ። ደጋውን ሲወርዱ ማታ ማታ ከየደብሩ የሚሰማውን ማኅሌት እየሰሙ ነው የወረዱት። የለመኑት ነገር በግራ በቀኛቸው እየተዜመ፣ እነርሱ ባዶ እጃቸውን።

ወይ ስድስቱ ሰዎች! ስማችሁን እንኳ የጻፈልን የለም።

ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ በመጋቢት 1529 እ.ኤ.አ.፣ ሽምብራ ቁሬ ላይ የልብነ ድንግል ሠራዊት በግራኝ አሕመድ ተሰበረ። በ1531 ከበሽሎ ማዶ በቤተ አምሐራ የነበረችው መካነ ሥላሴ፣ ወርቅ የለበሰችው፣ ነደደች። ንጉሡ ከተራራ ተራራ ሲሰደድ ኖሮ በ1540 አረፈ። እኔ ይህን የመለሳቸው ሰዎች እንባ ነው አልልም፤ እንዲያ ያለ ፍርድ የሰው ሥራ አይደለም። ኖባ የደረሰባት ጥፋት በእኛም ደጅ ቆሞ እንደ ነበር ግን እላለሁ። ትንሽ ቀርቶን ነበር፤ ሶባን ልንሆን።

ያላደረገንም አንዱ ነገር ያለው ጋይንት ውስጥ ነው።

የጋይንቷን ደብር ቤተልሔምን የማያውቅ የዜማ ሰው የለም። ከውጭ ያያት ሰው ሌላዋን የገጠር ደብር ያየ ይመስለዋል፤ ክብ ናት። ወደ ውስጥ የገባ ግን ከክቡ ቤት ውስጥ ሌላ ቤት ያገኛል፤ ባለ አራት ማዕዘን፣ ጥንታዊ። ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት መንገደኛ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ እዚያ ደርሶ አይቶ፣ በ1959 በታተመው «የራሴላስ ተራሮች» በተባለ መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አወራላት። ያገሩ ሰው ግን ከእርሱ በፊት ሲሳለማት የኖረ ነው። አሮጌው ቤት በአዲሱ ተጠብቆ፣ ማንም ሳይቆፍረው፣ ቅዳሴው ሳይቋረጥበት ቆሟል። ሶባን በመሠረቷ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ እጅግ ብዙ ነው።

ከሕንፃው የሚበልጠው ግን ድምፁ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት በግራኝ ዘመን መጻሕፍት ሲቃጠሉ የቅዱስ ያሬድ ድጓ ከአገር ጠፋ፤ ሲፈለግ ሲፈለግ በቤተልሔም ተገኘ። ስለዚህም የድጓ ምስክር ቤት ቤተልሔም ሆነች። በጎጃምም በወሎም በትግራይም ድጓ የተማረ፣ ተማርኩ ለማለት ወደዚያ ሄዶ ማስመስከር አለበት። ያ ሁሉ ጥፋት ካለፈ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማው በቃል ብቻ እንዳይቀር ምልክት ሠሩለት ይባላል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ከፊደሉ በላይ የተቀመጡ እነዚያ ደቃቅ ጭረቶችና ነጥቦች ለእኔ ጌጥ ሆነው አይታዩኝም። ሞትን በቅርብ ያየ ትውልድ የጻፋቸው ናቸው። ኖባ እንዲህ የሚጽፍላት ሰው ሳታገኝ ቀረች።

አሁንም ድጓ ሊማር ልጅ ይመጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከስማዳ ቆላ ወይም ከእስቴ ወይም ከሩቅ አገር። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ የጉና ብርድ ይገርፈዋል፣ ያላገኘ ቀን ጦሙን ያድራል። ማታ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ያቺን አንዲት ርክርክ ትክክል እስኪላት ድረስ ይመላልሳታል። ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን። አንዲት መስመር ስትስት የኔታ ያቃናሉ፤ እርሱ ይደግማል። አንድ አገር ሶባ ሳትሆን የምትቀረው በዚህ ልጅ ጉሮሮ ነው። እዚያው ጋይንት ዙር አምባም እንዲሁ፤ ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰበት ነው በሚባለው ተራራ ላይ ዝማሬና መዋሥዕት ይማራሉ። እኒህን ጉባኤ ቤቶች ስሰማ ደስታዬ ሙሉ አይሆንልኝም፤ ከእነዚያ ስድስቱ ጋር ማንም አብሮ አልወረደማ።

እንግዲህ የኖባ ጥፋት በዚያ ዘመን ባበቃ ጥሩ ነበር። የአስዋን ግድብ ውሃ ሰሜኑን ኖባ ሊውጥ ሲል ፖላንዳዊው ካዚሚየርዝ ሚካሎቭስኪ ከ1961 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ፋራስ ላይ በአሸዋ የተሞላ ካቴድራል ቆፍሮ ከ120 በላይ የግድግዳ ሥዕሎች አወጣ። የሶርያው ዮሐንስ ያወራላቸውን ዓይነት ሥዕሎች፤ ጳጳሳቱ፣ መላእክቱ፣ ትልልቅ ዓይናቸው የእኛን የብራና ቅዱሳን የሚመስል። ከፊሉ ዋርሶ ሄደ፤ የቀረው ለካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ደረሰ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ሙዚየሙ የጦር ሜዳ ሆነ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማዋ ወደ ሠራዊቱ እጅ ስትመለስ የዕቃ ቤቱ ሣጥኖች ተሰብረው፣ ስንት ዘመን የተቆፈረው ቅርስ ተዘርፎ ተገኘ። ከአፈር የወጣው እንደገና ጠፋ። ሶባ ሆይ፣ ለአንቺ ስንት ጊዜ ይለቀሳል?

ሰዎቹም ተነሡ። ልጅ አዝለው፣ ሻንጣ እየጎተቱ፣ በገላባት በኩል መተማ ገቡ። ከአልዋ ምድር የመጡ፣ አባይን ከታች የሚጠጡ ሰዎች፣ ዳግመኛ ወደ እኛ ደጅ። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያ አረፉ። አገሩ ራሱ ሰላም ያጣ ነበርና ሌባውም ታጣቂውም ደረሰባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ፈርተው ከአውላላ ወጥተው ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ዳር ሰነበቱ። እኛም ስንቸገር ነው፤ አውቃለሁ። ጋይንትም ስማዳም እስቴም ተኩስ የሰማ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ መንገዱ የታጠረበት ነው። ልብነ ድንግልም «እኔ ራሴ ከሌላ የምቀበል ነኝ» ነበር ያለው።

ስለዚህ ይህን የምላችሁ ለእናንተ ነው፤ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ በየዓመቱ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ወደ መተማ ለምትወርዱ ወንድሞቼ። እዚያ ከኖባ ምድር የተሰደደ ሰው ታገኛላችሁ። ዛሬ ካህን አይለምናችሁም፤ አብዛኛው እስላም ነው፣ በሃይማኖቱ ይደር። የሚለምናችሁ ውሃ ነው፣ ጥላ ነው፣ የሚያድርበት ነው። አባቶቻችሁ ሲጨነቁ ንጉሡ ለምኖላቸዋል፤ እርሱ ሲቸግረው አባቶቻችሁ መልሰውታል። እናንተ ባዶ እጁን አትመልሱት።